ከመኪናዬ ቀድሞ ሎጊያ የገባው ወሬ

ይህን የምጽፈው ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ምክር ልሰጥ ብዬ አይደለም። ምክር የማውቅ ብሆን ኖሮ ለራሴ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እሰጠው ነበር። የምጽፈው አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ በቀልድ የጀመርኩት ነገር በማግስቱ ሠመራ አጠገብ ያመጣብኝ ጉድ ዛሬም ሳስበው ስለሚያስደነግጠኝ ነው። አንብባችሁ «ይህ ሰውዬ ያጋንናል» ትሉ ይሆናል። እኔም በቦታው ባልኖር ኖሮ እንደዚያው እል ነበር።

ያኔ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበርኩ። ባለ ተሳቢ መኪና ይዤ ቡና ወደ ወደቡ አደርሳለሁ፤ ስመለስ ማዳበሪያም ይሁን ስንዴ የተገኘውን ጭኜ እመጣለሁ። የመኪናዬ ፊት ሰማያዊ ነው፤ በግራ በሩ ላይ ክንፏን የዘረጋች ነጭ ርግብ አስዬበታለሁ። ያሳልኳት ለጌጥ ነበር እንጂ አንድ ቀን መታወቂያዬ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም። የሙያ ጓደኞቼ «ደጀኔ ባቡሩ» ይሉኛል። አዋሽ ጣቢያ ባቡር ዘግይቶ ሰው ሲንቆራጠጥ «ግድ የለም፣ ጭሱ ደርሷል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ እውነታቸውን ነው። በቀን ሁለት ፓኮ እጨርሳለሁ፤ ጫት የያዝኩ ቀንማ አይነሣ።

ሳሉ ሲጠናብኝ ባለቤቴ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አሳየኝና «ይህን ነገር ካላቆምክ መሪ የምትጨብጥበት ጊዜ አጭር ነው» አለኝ። እሷ እያለቀሰች፣ እኔ እየማልኩ ወጣን። በማርያም ምዬ በሳምንቱ አጨስኩ። በልጆቼ ምዬ በሦስተኛው ቀን አጨስኩ። ከዚያ ወዲያ መማሉንም ተውኩት። ባለቤቴም ልብሴን ስታጥብ ኪሴን መፈተሽ አቆመች። እሱ ነው የከበደኝ፤ የተናደደች ሴት ገና ተስፋ አላት፤ መፈተሽ የተወች ግን ቆርጣለች።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሞባይል ስልክ ከአዋሽ ወዲያ ባልታሰበበት፣ ሠመራም ገና በምትገነባበት ዘመን ነው። ቡና ጭኜ አዋሽ ሰባት ኪሎ እትዬ ዘሀራ ሆቴል አድሬአለሁ። እትዬ ዘሀራ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሾፌር ሁሉ ልጃቸው ነው፤ ሲመክሩም ሲሳደቡም አያዳሉም። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ግቢው ውስጥ ጎንበስ ስል ሳሉ ያዘኝ። አልለቅ አለኝ። በመጨረሻ አፌን የጠረግኩበትን መሐረብ ሳየው ቀይ ነጠብጣብ አለበት። መሐረቡን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ምንም እንዳልሆነ ሰው ሻይ ልጠጣ ገባሁ።

ውስጥ ጋሽ ሁመድ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሁመድ የአዋሽ አርባ አካባቢ አፋር ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ አሳፍሬአቸው ስለማውቅ ወዳጅ ሆነናል። ሲያዩኝ እጄን ይዘው አልለቅም አሉ።

«ደጀኔ፣ ደህና ነህ? ቤት ደህና ነው? መንገድ ደህና ነው? ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

አፋር ከአፋር ሲገናኝ እንዲህ ይጠያየቃል፤ ዳጉ ይሉታል። ያየውን «አየሁ» ብሎ፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ጠርቶ ይናገራል። አድማጩም ለሚቀጥለው ሰው እንደዚያው አድርጎ ያደርሳል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በመስመሩ ስመላለስ ዳጉን የምቆጥረው እንደኛ «እንደምን አደርክ» ነበር። እኛ ደግሞ ታመንም፣ ከስረንም፣ ተጣልተንም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳችን።

ስለዚህ ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ ምናልባት የመሐረቡ ድንጋጤ ነው፣ «ጋሽ ሁመድ፣ ትልቅ ወሬ አለኝ! ሲጋራ አቆምኩ!» አልኳቸው። አልኩና አላበቃሁም፤ ከኪሴ ግማሽ ፓኮ አውጥቼ ሻይ የተጣደበት ምድጃ ውስጥ ወረወርኩት። እትዬ ዘሀራ እልል አሉ። ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች አጨበጨቡ።

ጋሽ ሁመድ አልሳቁም፣ አላጨበጨቡም። ፓኮው ተቃጥሎ እስኪያልቅ አዩት።

«ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?» አሉኝ።

«ለሁልጊዜ!»

«በአፍህ ነው ያልከው።»

«በአፌ ነው።»

«በዓይኔም አየሁ። ልያዘው?»

«ይያዙት! ከፈለጉ ጅቡቲ ድረስ ያድርሱልኝ!» አልኩና ሳቅሁ።

ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። የእሳቸው ወሬ እንደኔ የሚያስቅ አልነበረም። ሎጊያና ሠመራ መካከል በአንድ የውኃ ቦታ ጠብ ተነሥቶ አንድ ወጣት ራሱን በዱላ ተመቷል። ዱብቲ ሆስፒታል ተኝቷል፤ አልነቃም። መታው የተባለው የጋሽ ሁመድ የእህት ልጅ ነው።

«ያን ቀን የእህቴ ልጅ አዋሽ አርባ ነበር፤ ከእኔ ጋር» አሉ። «ነገ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። እኔ ሄጄ ይህን እናገራለሁ። ሌላ ምስክር የለም።»

«ባያምኑዎትስ?»

«ካላመኑኝ ደም ነው» አሉና ተነሡ።

ላሳፍርዎት ብላቸው «አንተ ቀርፋፋ ነህ፣ አውቶቡስ ይሻላል» ብለውኝ ወጡ። እትዬ ዘሀራ ብርጭቆውን እያነሡ በዓይናቸው ሸኟቸውና ወደኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ወላሂ በኚህ ሰውዬ እንዳትቀልድ። እሳቸው የያዙት ወሬ መሬት አይወድቅም።»

«ምን ቀለድኩ? አቁሜአለሁ አልኩ እኮ!»

«እንግዲህ አብሽር፤ አላህ ያግራልህ» አሉ።

አንድ ነገር ግን ለእሳቸውም ለማንም አልነገርኩም። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ ያልተከፈተ ፓኮ ነበረኝ። ፓኮውን እሳት ውስጥ ስወረውር እጄ ያልተንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

አዋሽ አርባን እስካልፍ ጀግና ነበርኩ። ከዚያ አፌ ደረቀ። መፋቂያ አኘኩ፣ ከረሜላ ጠባሁ፣ ዘፈን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። በዚያ ጉዞ ረዳት ስላልነበረኝ የማወራው ሰው እንኳ የለም። ገዋኔ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ የተሳቢው ጎማ ፈነዳ። በዚያ ሙቀት ክሪክ እየገፋሁ ሳለ አንድ አውቶቡስ ጡሩምባውን እያስጮኸ አለፈኝ፤ በመስኮቱ ጋሽ ሁመድ እጃቸውን አወጡና አውለበለቡልኝ።

ጎማውን ለውጬ፣ የፈነዳውን ገዋኔ ጎሚስታ ዘንድ አስጠግኜ ስጨርስ አሥር ሰዓት ሆነ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። መቀመጫውን አንሥቼ ፌስታሉን አወጣሁ። ክብሪት የለኝም። አጠገቡ ወዳለው ሱቅ ሄጄ «አንድ ክብሪት» አልኩ። ባለሱቁ ገና ልጅ እግር የሆነ አፋር ነው፤ ዓይቼው አላውቅም። ክብሪቱን አንሥቶ ሊሰጠኝ ካለ በኋላ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ መኪናዬን አየና እጁን መለሰ።

«የርግቡ ሾፌር አንተ ነህ?»

«የምን ርግብ?»

«ደጀኔ። ለሁልጊዜ ያቆምከው። ሁመድ እዚህ ምሳ በላ፣ ነገረን። በርታ!»

ክብሪቱን መደርደሪያው ላይ መለሰውና ቀዝቃዛ ውኃ አውጥቶ ሰጠኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለኝ። እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ስሜን፣ መኪናዬን፣ «ለሁልጊዜ» ያልኳትን ቃል ሳይቀር አንድም ሳያጎድል ነው የነገረኝ። ሲሆን አመስግኜው ፓኮውን መጣል ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። «ምን አገባው!» እያልኩ ሄጄ ከአንድ የከተማዬ ልጅ ከሆነ ሾፌር ክብሪት ለመንኩ።

ከገዋኔ ወዲያ ብዙ ከነዳሁ በኋላ ሰው በሌለበት ቦታ ዳር ያዝኩ። ልብ በሉ፣ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነኝ፤ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ አባቱን እንደሚፈራ ተማሪ ከተሳቢው ጀርባ ተደብቄ ለኮስኩ። የመጀመሪያውን ስስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለተኛውን ልስብ ቀና ስል አንዲት ሴት የሰሌን ቤቷን ነቅላ በግመል ጭና መንገዱን ልታቋርጥ ቆማለች። ከየት እንደመጣች አላውቅም። ሲጋራዬን አየች። ዞራ በሩ ላይ ያለችውን ርግብ አየች። በአፋርኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አልገባኝም፤ እጄን አወዛወዝኩላት። ግመሏን ስባ ሄደች።

«እንግዲህ ይህችም ልታወራ!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሚሌ አደርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለት ጨምሬ አጭሼ ነው የተኛሁት።

በማግስቱ ሎጊያ ስደርስ ረፋድ ነው። ሻይ ቤት በር ላይ መኪናዬን ሳቆም የተቀመጡት አፋሮች ሁሉ ዞረው እኔን ሳይሆን በሩን፣ ርግቧን አዩ። ሻይ አዘዝኩ፤ አስተናጋጇ አልሰማችኝም መሰለኝ ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው ምትኩ እየሮጠ መጣ። ምትኩ የድሮ ወዳጄ፣ ሠመራ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነው፤ ልጅነቱን ዱብቲ ጥጥ እርሻ ስላሳለፈ አፋርኛ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነው።

«ደጀኔ! የት ነበርክ? ሲፈልጉህ ነው ያረፈዱት!»

«ማን?»

«ሽማግሌዎቹ። ትናንት አጭሰሃል?»

«ምን?»

«ትናንት ከገዋኔ ወዲህ ከመኪናህ ጀርባ አጭሰሃል ወይስ አላጨስክም?»

ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። ጋሽ ሁመድ ማታ ሎጊያ ሲገቡ እንደ ወጉ ዳጉ ተጠየቁ፤ ከያዙት ወሬ መካከል የእኔም አለበት። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሁመድ ስለ እህታቸው ልጅ ሊመሰክሩ ሲነሡ፣ ከተጎጂው ወገን አንዱ ብድግ ብሎ «ይህ ሰው ትናንት የሐሰት ወሬ ይዞ መጥቷል» አለ። ግመል የምትነዳው ሴት ያየችውን ለወንድሟ፣ ወንድሟ ሎጊያ ለሚመጣ መኪና ነግረው ኖሯል። የርግቡ ሾፌር አላቆመም። በአንድ ወሬ የዋሸ አፍ በሌላው እንዴት ይታመናል? የጋሽ ሁመድ ምስክርነት በዚህ ታግዷል።

«ለሲጋራ?» አልኩት። «ለአንዲት ሲጋራ?»

«ለሲጋራ አይደለም። ለቃል ነው» አለ ምትኩ። «ያ ልጅ ዱብቲ ተኝቷል፤ ከሞተ ደግሞ የሚከተለውን አንተም ታውቃለህ። የሁመድ እህት ልጅ ያለው ይህ ምስክር ብቻ ነው።»

አልዋሻችሁም፤ ያሰብኩት መሸሽን ነው። ሞተሬ እንደሞቀ ነው። ሠመራን አልፌ ወደ ጅቡቲ ብነዳ ማን ያስቆመኛል? ምትኩም አሳቤን አውቆታል መሰለኝ «ብትሄድ የሚይዝህ የለም» አለኝ። ቁልፉን በእጄ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ጋሽ ሁመድ በአውቶቡሱ መስኮት እጃቸውን ያውለበለቡት ፊቴ ላይ መጣብኝ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና «ና እንሂድ» አልኩት።

ከመንገዱ ወጣ ብሎ ግራር ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሁመድ ለብቻቸው ናቸው፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ፊት ለፊት አንድ ቀጭን፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ተቀምጠዋል። «ያዮ ናቸው፤ የተመታው ልጅ አባት» አለኝ ምትኩ በጆሮዬ። ቀጠለና «ስማ፣ አላጨስኩም በል። ሴትዮዋ እዚህ የለችም። አላጨስኩም ካልክ ጋሽ ሁመድ ይተርፋሉ» አለኝ።

ዋናው ሽማግሌ ጠየቁ፤ ምትኩ አስተረጎመ።

«ሁመድ ስለ አንተ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። ሲጋራህን እሳት ውስጥ ስትጥል በዓይኑ አየ። ለሁልጊዜ ተውኩ ስትል በጆሮው ሰማ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ከዚያ ወዲህ አጨስክ?»

«አላጨስኩም» ልል አፌን ስከፍት ሳሉ መጣ። ያ የአዋሹ ሳል ነው። በሁለት እጄ ጉልበቴን ይዤ አጎነበስኩ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ምድር ዞረብኝ። አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ ቀና አደረገኝና በጣሳ ውኃ አቀረበልኝ። ቀና ብዬ ሳይ ያዮ ናቸው። ልጃቸው ሆስፒታል ሞትና ሕይወት መካከል ተኝቶ፣ የጠላታቸውን ምስክር ላድን የመጣሁትን ሰው ውኃ ያጠጣሉ። ውኃውን ጠጣሁና ያን ውሸት መናገር አቃተኝ።

«አጭሻለሁ» አልኩ። «ሴትዮዋ ያየችው እውነት ነው። ሚሌም አጭሻለሁ። ለጋሽ ሁመድ ስነግራቸው ሌላ ፓኮ መቀመጫዬ ሥር ነበር። እኔ ወሬ መሆኑን አላወቅሁም። ሰላምታ መስሎኝ ነው።»

ምትኩ አንገቱን ደፍቶ አስተረጎመ። ጋሽ ሁመድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገደልኳቸው ብዬ አሰብኩ። የእህታቸውን ልጅም፣ እሳቸውንም ገደልኩ።

ያዮ አልተቀመጡም ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቀው» አሉ። «መቀመጫህ ሥር ሌላ እንዳለህ ሁመድ ያውቅ ነበር?»

«አያውቁም። ማንም አያውቅም። ሚስቴም አታውቅም።»

ያዮ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እንግዲህ ውሸቱ ከዚህ ሰው ሆድ ነው የነበረው። ሁመድ ያየውን አየ፣ የሰማውን ሰማ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እኔ የሁመድን አፍ እቀበላለሁ። ይናገር።»

የራሳቸው ወገኖች አጉረመረሙ። ቅድም ወሬውን ያነሣው ሰው እጃቸውን ይዞ ሊያስቀምጣቸው ሞከረ፤ አልተቀመጡም። እኚህ ሰው ዝም ቢሉ ያሸንፉ ነበር። ጋሽ ሁመድ ተነሥተው ተናገሩ፤ ልጁ ያን ቀን የት እንደነበር፣ ከማን ጋር፣ ምን ሲያደርግ፣ ሁሉንም። ሰሟቸው። ምስክርነቱን ያዙት።

አለቀ ብዬ ልሄድ ስነሣ ዋናው ሽማግሌ በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝ።

«የአንተ ነገር አላለቀም» አሉ። «ወሬህ አሳይታ ገብቷል። ወደ ኤሊዳርም ሄዷል። ማቆምህን የሰማ ሰው ሁሉ አለማቆምህን ላይሰማ ይችላል። ወሬውን ከመመለስ አንተን መመለስ ይቀለናል።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን ባየው የቀልድ ምልክት የለበትም። «ካሳ ካለ ልክፈል» ብል «ገንዘብ ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። ከዚያ «ማን ይጠብቀው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሁመድ ሊነሡ ሲሉ «አንተ አትሆንም። አንተ ትወደዋለህ፣ ታዝንለታለህ» አሏቸው።

«እኔ እጠብቀዋለሁ» አሉ ያዮ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ድንጋጤ በቃል ማስረዳት አልችልም። ለሐኪም ገንዘብ ከፍዬ፣ ለማርያም ተስዬ፣ ሚስቴን አስለቅሼ ያላገኘሁትን ጠባቂ፣ ለእኔ ምንም ያልሆኑ፣ እንዲያውም በእኔ ምክንያት ክሳቸው የላላባቸው ሰው «እኔ» ብለው ተነሡ። ስንወጣ ጋሽ ሁመድ አጠገቤ ደረሱ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጎነበስ ቀና አደረጉኝ።

«ውሸት አልያዝኩም» አሉኝ። «ቀድሞ የመጣ እውነት ነው የያዝኩት። አንተ ድረስበት።»

ሠመራ ሦስት ቀን ቆየሁ። ከመንገዱ ዳር፣ ገና ጣሪያ ያልለበሱ ሕንፃዎች አጠገብ መኪናዬን አቆምኩ። ያዮ ጋቢና ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የመጀመሪያ ሥራቸው ፓኮውን ተቀብለው ሲጋራዎቹን አንድ በአንድ በጫማቸው መፍጨት ነበር። አማርኛቸው ጥቂት ናት፤ ከእሷም የምትበዛው «ተነሣ» እና «ጠጣ» ናት። ሱሱ ሲመጣብኝ በዓይኔ ያውቁታል። «ተነሣ» ይሉኛል፤ በዚያ ፀሐይ አስፋልቱን ይዘን እንሄዳለን፤ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ እንመለሳለን። «ጠጣ» ይሉኛል፤ የግመል ወተት ነው። በሁለተኛው ቀን አበድኩ። ሰደብኳቸው። «ማን ሾመዎት? ውረዱ ከመኪናዬ!» ብዬ ጮህኩባቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «ተነሣ» አሉኝ። ሲመሻሽ ሚኒባስ ተሳፍረው ዱብቲ ልጃቸውን አይተው ይመለሳሉ፤ በሌሉበት ሰዓት ምትኩን ያስቀምጡብኛል።

በሦስተኛው ቀን ስንሄድ ቆምኩና ጠየቅኋቸው። ምትኩ አብሮን ስለነበር አስተረጎመ።

«ልጅዎ እንደዚያ ተኝቶ፣ እንዴት ከእኔ ጋር ይውላሉ?»

ያዮ የጠየቅሁት ነገር የገረማቸው መሰሉ። «ልጄን ሐኪም ይጠብቀዋል» አሉ። «እናቱም አጠገቡ ናት። አንተን ማን ይጠብቅሃል?»

አለቀስኩ። በቀትር፣ በአስፋልት ላይ፣ መኪና እያለፈ፣ ሾፌሮች እያዩኝ አለቀስኩ። አላፈርኩም።

ልጁ ነቃ። ዓሊ ይባላል። አፉ እንደተፈታ የመታውን ሰው ስም ተናገረ፤ የጋሽ ሁመድ የእህት ልጅ አልነበረም። ይህን የሰማሁት ከጅቡቲ ስመለስ ነው፤ ያውም አንድ ፍየል ጠባቂ መንገድ ላይ አስቁሞ ነው የነገረኝ። ነግሮኝ ሲያበቃ አንገቱን ጋቢናው ውስጥ አግብቶ አሸተተና በርታ ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያ መንገድ በሙሉ ጠባቂዬ ሆነ። ገዋኔ ይጠይቁኛል፣ ሚሌ ይጠይቁኛል፤ ስሙን የማላውቀው ሰው «እንዴት ነህ፣ አሁንም?» ይለኛል። መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር፤ ኋላ ሳይጠይቁኝ ካለፉ ቅር ይለኝ ጀመር። ቤቴ የገባሁ ቀን ለባለቤቴ ምንም አልማልኩላትም። የሆነውን ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስትሰማኝ አድራ፣ ሲነጋ ኪሴን ፈተሸች። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንደኔ በድብቅ ሊያቆም የሚፈልግ በመካከላችሁ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ሁልጊዜ የማቆመው በሆዴ ነበር፤ መልሼ ስጀምር እንዳያዩኝ። ስለዚህ ሁልጊዜ እጀምረው ነበር። ቃላችሁን ከእናንተ በላይ ለሚያከብር ሰው ንገሩት፤ አጨብጭቦ ለሚረሳ ሳይሆን «ልያዘው?» ብሎ ለሚጠይቅ። እንደዚህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል ካላችሁኝ እኔም አላውቅም። እኔ እንኳ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያዮ አረፉ። ያረፉትን የሰማሁት አዋሽ ላይ ነው፤ በዳጉ። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ አንድ ጎልማሳ ከሰው መካከል ተነሥቶ ወደኔ መጣ፤ በግራ ጆሮው በላይ ፀጉር የማይበቅልበት ረጅም ጠባሳ አለው። ዓሊ ነው። እጄን ይዞ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«አባቴ ሁለት አደራ ነው የሰጠኝ» አለኝ፤ የእሱ አማርኛ ከአባቱ ይሻላል። «ፍየሎቹንና አንተን። አጨስክ?»

«አላጨስኩም» አልኩት።